ተዳፋቱ ባለበት ፍጥነቱ ሲጨምር፦ የሺኔኮክ ሂልስ 7ኛ ግሪን የጉዳይ ጥናት

ጁን 20 ቀን 2004፣ እሑድ ጠዋት። ከዓለም ትልልቅ የጎልፍ ውድድሮች አንዱ የሆነው የዩኤስ ኦፕን የመጨረሻ ዙር በኒውዮርክ ግዛት፣ ሎንግ አይላንድ በሚገኘው ሺኔኮክ ሂልስ ጎልፍ ክለብ ተጀምሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) 7ኛው ጉድጓድ፣ ማለትም ከሜዳው 18 የጨዋታ ክፍሎች ሰባተኛው፣ ፓር 3 ነው። ተጫዋቹ በአንድ ምት ግሪኑ ላይ፣ ማለትም ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ያለበት አጭር ሣር ላይ ይደርሳል፣ በሁለት ፐት፣ ኳሷን መሬት ለመሬት በሚያንከባልል ምት፣ ይጨርሳል ተብሎ የሚጠበቅበት ነው ማለት ነው። ያን ዕለት ቀድመው ከደረሱት አራት ተጫዋቾች ሦስቱ ስድስት ስድስት ምት ፈጅቶባቸው አለፉ። ከእነሱ አንዱ ኬቨን ስታድለር ነበር። ከጉድጓዱ ሁለት ጫማ ያህል፣ ማለትም ከ60 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ የመታት ኳስ ጉድጓዱን ስታ ቁልቁል መንከባለሏን ቀጠለች፤ ከግሪኑ ወጥታም ባንከር በሚባለው የአሸዋ ወጥመድ ውስጥ ገባች።

ወዲያው ውድድሩን የሚመራው የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር፣ በተለምዶ ዩኤስጂኤ የሚባለው፣ ጨዋታው ሳያበቃ ሠራተኞች ቱቦ ይዘው ሁለት ሁለት ሆነው በሚወጡት የተጫዋቾች ጥንዶች መካከል ግሪኑን ውሃ እንዲረጩ አዘዘ። በዚህ ደረጃ ባለ ውድድር፣ በመጨረሻው ዙር፣ አንዱ ተጫዋች በደረቅ ግሪን ተጫውቶ ሲያልፍ ተከታዩ በረጠበ ግሪን እንዲጫወት ማድረግ ትልቅ ውሳኔ ነው። ያለዚያ ግን መቀጠል አይቻልም ነበር።

ስለዚያ ቀን ብዙ ተብሏል። ነፋሱ፣ ድርቀቱ፣ ሣሩን የሚደፈጥጠው ሮለር፣ ጉድጓዱን የሚያመለክተው ባንዲራ የቆመበት ቦታ፣ ሁሉም ተራ በተራ ተወቅሰዋል። እያንዳንዱ ድርሻ ነበረው። በእኔ እምነት ግን ከሁሉም በታች አንድ ምክንያት አለ፦ የግሪን ፍጥነትና የግሪን ተዳፋት ተነጣጥለው ሊወሰኑ አይችሉም፤ በሺኔኮክ ግን ተነጣጥለው ተወሰኑ። ተዳፋቱ ከዘመናት በፊት በሌላ ዓይነት ሣር ላይ ተሠራ፣ ፍጥነቱ በ2004 ለብቻው ተወሰነ፣ ሁለቱ እሑድ ጠዋት ተገናኙ። ይህንን በደንብ የተረዳ ሰው ታላቅ የውድድር ሜዳም ያዘጋጅ፣ ጓሮው ውስጥ ትንሽ የፐት መለማመጃም ይሥራ፣ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ግሪኑ ከየት መጣ

ሺኔኮክ ሂልስ በ1891 ተመሠረተ። በ1894 ዩኤስጂኤን ካቋቋሙት አምስት ክለቦች አንዱ ነው፤ ሁለተኛውን ዩኤስ ኦፕን በ1896 ያስተናገደውም እሱ ነው። ዛሬ ያለው ሜዳ በአብዛኛው በ1931 የተከፈተው የዊልያም ፍሊን ንድፍ ነው። 7ኛው ጉድጓድ ግን ከፍሊን በፊት በቻርልስ ብሌር ማክዶናልድ ዘመን ከነበረው ሜዳ የተወረሰ ሐሳብ ነው። ስሙ «ሬዳን» ይባላል። ምንጩ ስኮትላንድ ውስጥ በኖርዝ በርዊክ የሚገኘው 15ኛ ጉድጓድ ሲሆን፣ ከዚያ ተቀድቶ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሜዳዎች ላይ ተሠርቷል።

የሬዳን ግሪን ጠባዩ የታወቀ ነው። ከፊት ለፊት ቀኙ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ወደ ኋላና ወደ ግራ ያዘቀዝቃል። አብዛኞቹ ግሪኖች ወደ ተጫዋቹ ያዘነበሉ ስለሆኑ የመጣችውን ኳስ ይቀበላሉ። ሬዳን ግን ከተጫዋቹ ይሸሻል። ጥሩ ተጫዋች በቀኝ ትከሻው ላይ ኳሷን አሳርፎ፣ መሬቱ ራሱ ወደ ባንዲራው እስኪያንከባልላት ይጠብቃል። በጎልፍ ንድፍ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ሐሳብ ብዙ የለም። ኳሷ ካረፈች በኋላም ጨዋታው ይቀጥላል፤ ተጫዋቹ የጎልፍ ዱላውን ይዞ ቆሞ የመሬቱን ሥራ ያያል።

ይህ ውበት ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ኳሷ በመጨረሻ መቆም አለባት። የድሮ ሰዎች ሬዳንን ሲነድፉ ሣሩ ረዘም ያለ ነበር፣ ኳሷንም ይይዛት ነበር። ያንን ሣር በዛሬ ማጨጃ ስታጭደው ንድፉ ያንኑ ይመስላል እንጂ ግሪኑ ሌላ ግሪን ሆኗል።

ፍጥነቱን ማን ለካው

የግሪን ፍጥነት የሚለካበት መሣሪያ ስቲምፕሜትር ይባላል። ታሪኩም ከዚህ ጉዳይ ጋር በሚገርም መንገድ ይገጥማል። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የተባለ የማሳቹሴትስ አማተር ተጫዋች በ1935 በኦክሞንት የተደረገውን ዩኤስ ኦፕን ሲመለከት፣ የጂን ሳራዘን ፐት ግሪኑን አቋርጣ ባንከር ውስጥ ስትገባ አየ። ሳራዘን የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ነበረ። ስቲምፕሰን ጥፋቱ የተጫዋቹ ሳይሆን የግሪኑ ከልክ ያለፈ ፍጥነት ነው ብሎ አመነና፣ ፍጥነቱን በቁጥር የሚያሳይ የእንጨት መሣሪያ ሠራ። በ1976 ፍራንክ ቶማስ የተባለ የዩኤስጂኤ ባለሙያ በአሉሚኒየም አሻሽሎ ሠራው፤ በ1978 ለሜዳ ኃላፊዎች ታደለ።

መሣሪያው ቀላል ነው። 91 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ መሐሉ ላይ ኳስ የምትሄድበት ቦይ የተቆረጠለት ዘንግ ነው። ከታችኛው ጫፍ 76 ሴንቲሜትር ላይ ኳሷ የምትቀመጥባት ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አለች። የዘንጉ አንድ ጫፍ መሬት ላይ ሆኖ ሌላው ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፤ ወደ 20 ዲግሪ ሲደርስ ኳሷ በራሷ ክብደት ትለቅና ትንከባለላለች። የሚገፋት እጅ ስለሌለ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ በሰከንድ 1.83 ሜትር ገደማ፣ ግሪኑ ላይ ትወርዳለች። ሦስት ኳሶች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሦስት ደግሞ ወደ መጡበት ይላካሉ። አማካዩ ርቀት በጫማ ሲነገር የግሪኑ ፍጥነት ይሆናል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ዩኤስጂኤ የአሜሪካን ግሪኖች ዞሮ ሲለካ አማካዩ 6 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ገደማ ነበር። ያኔ ባወጣው ሰንጠረዥ ለዩኤስ ኦፕን «ፈጣን» የተባለው 10 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። ዛሬ በትልልቅ ውድድሮች ከ12 እስከ 14 ጫማ መስማት የተለመደ ሆኗል። ማጨጃዎቹ ሣሩን እስከ 2.5 ሚሊሜትር ድረስ ዝቅ አድርገው ይላጩታል፤ ከዚያ ሮለር ይሄድበታል፤ ውሃ በልክ ይሰጠዋል። እያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ኢንች እየጨመረ እዚህ ተደረሰ።

ቁጥሩ ምን ይላል

ብዙ ሰው «10 የነበረው 14 ሆነ» ሲባል የ40 በመቶ ጭማሪ አድርጎ ያስባል። በሜዳማ ቦታ ልክ ነው። በተዳፋት ላይ ግን ሐሳቡ ፍጹም የተሳሳተ ነው፤ የሺኔኮክ ጉዳይ ሁሉ ያለውም እዚህ ጋ ነው።

አንዲት ኳስ ስትንከባለል ሣሩ ይይዛታል። ቁልቁል ስትሄድ ደግሞ የመሬት ስበት ይስባታል። ሁለቱ ይቀናነሱና የቀረው ነው ኳሷን የሚያቆማት። ሣሩ አጥብቆ ሲይዝ ስበቱ የሚቀንሰው ከብዙ ላይ ስለሆነ ብዙም አይታወቅም። ሣሩ ከላላ ግን ስበቱ የሚቀንሰው ከጥቂት ላይ ነው፤ ቀሪው እጅግ ትንሽ ይሆናል፤ ኳሷን የሚያቆም ኃይል አለ ለማለት እስኪያስቸግር ድረስ።

በቁጥር ላሳይ። ለምሳሌ 4 በመቶ ተዳፋት ያለው ቦታ እንውሰድ፤ በአንድ ሜትር ርቀት 4 ሴንቲሜትር የሚወርድ ማለት ነው። ከስቲምፕሜትሩ የለቀቀች ኳስ ቁልቁል ስትሄድ፣ ግሪኑ 6 ጫማ ተኩል ሲሆን 3 ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ በሜዳማው 2 ሜትር ትሄድ ነበር። ግሪኑ 10 ሲሆን 6.2 ሜትር ትሄዳለች። 12 ሲሆን 9.4 ሜትር። 14 ሲሆን 15 ሜትር ገደማ። ተዳፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያው 4 በመቶ ነው፤ ኳሷም ያችው ናት፤ አገፋፏም ያው ነው። የሜዳማው ርቀት ከ2 ሜትር ወደ 4.3 ሜትር፣ ከእጥፍ ጥቂት በልጦ ሲያድግ፣ የቁልቁለቱ ርቀት አምስት እጥፍ ሆነ።

ተዳፋቱን 5 በመቶ አድርገን በ14 ግሪን ላይ ስናሰላው 40 ሜትር ገደማ ይመጣል። እንዲህ ያለ ርዝመት ያለው ግሪን ብዙ የለም፤ ኳሷ ከግሪኑ ወጥታ ሄዳለች ማለት ነው። 6 በመቶ ላይ ሣሩ የሚይዝበት ኃይል ከስበቱ ያንሳል፤ ጨርሶ አትቆምም። ይህ የንድፈ ሐሳብ ስሌት ነው፤ እውነተኛ ግሪን ላይ ተዳፋቱ በየሜትሩ ይለያያል፣ ነፋስም ይገባበታል። መልኩ ግን ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጥቂት ይጨምራል፣ ከዚያ በድንገት ገደል ይሆናል። ገደሉ አጠገብ የቆመ ግሪን ከሩቅ ሲታይ ከሌላው ግሪን አይለይም። ልዩነቱን የምታሳየው ቀድማ የሳተች ፐት ብቻ ናት።

ለዚህ ነው የሜዳ ባለሙያዎች ፈጣን ግሪን ላይ ጉድጓድ ሲቆርጡ በዙሪያው ከ3 በመቶ የማይበልጥ ተዳፋት የሚፈልጉት። ግሪኑ ውብ ተዳፋት ቢኖረውም ባንዲራ የሚቆምበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። አንዳንድ የድሮ ግሪኖች በዛሬ ፍጥነት ባንዲራ ሊቆምባቸው የሚችሉ ቦታዎች ሦስት አራት ብቻ ቀርተውላቸዋል።

ቅዳሜና እሑድ

የ2004ቱ ሺኔኮክ በውድድሩ መጀመሪያ ቀናት ጥሩ ነበር። ሬቲፍ ጉሰን ሐሙስና ዓርብ 70 እና 66 መታ፤ ፊል ሚከልሰን 68 እና 66። የሜዳው ፓር፣ ማለትም ለአንድ ዙር የሚጠበቀው የምት ብዛት፣ 70 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውጤቱ የተሻለ ነው። ከዚያ አየሩ ደረቀ፤ ነፋሱም በረታ።

ደረቅ ነፋስ ግሪን ላይ የሚሠራውን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ሣሩ ውሃውን በቅጠሉ ይተነፍሳል፤ አፈሩም ከላይ ይደርቃል። ውሃ ያጣ ቅጠል ይለሰልስና ይተኛል፤ ከቆመ ቅጠል ይልቅ የተኛው ኳስን ብዙም አይይዝም። ከሥሩ ያለው መሬት ሲጠነክር ደግሞ ከሩቅ የተመታች ኳስ አርፋ ከመቆም ይልቅ ትነጥራለች። ሬዳንን በመሰለ፣ ከተጫዋቹ በሚሸሽ ግሪን ላይ ሁለቱ ሲደመሩ፣ የመጀመሪያው ምትም ፐቱም በአንድነት ይበላሻሉ። ጠዋት የተለካ ፍጥነት ከሰዓት በኋላ ላለው ምንም አይናገርም።

ቅዳሜ 7ኛው ግሪን ላይ ችግሩ ታየ። ጥሩ የተመቱ ኳሶች ሳይቆሙ ቀሩ። ግሪኑ ያን ቀን ሮለር ሄዶበት ነበር፤ ሮለሩ በማን ትዕዛዝ እንደሄደ በውድድሩ አዘጋጅና በሜዳው ሠራተኞች መካከል ከባድ ክርክር አስነሣ። እኔ ይህን ክርክር ጉዳዩን የሚፈታ አድርጌ አላየውም። ሮለር ፍጥነትን ሊጨምር የሚችለው እስከ አንድ ጫማ ገደማ ነው። አንድ ጫማ ሲጨመርበት ጨዋታ የማይቻልበት ግሪን፣ ሮለሩ ከመምጣቱ በፊትም ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር ማለት ነው። ጥያቄው ሮለሩን ማን ላከው ከሚለው ይልቅ፣ ለስሕተት ምንም ቦታ የማይተው ዕቅድ ለምን ተያዘ የሚለው መሆን ነበረበት። በሰው እጅ በሚሠራ ሥራ አንድ ሮለር መሳሳቱ አይቀርም፤ የነፋስ ትንበያም ይስታል።

እሑድ የሆነውን መግቢያው ላይ ተናግሬያለሁ። የዕለቱ አማካይ ውጤት 78.7 ነበር። ከ66ቱ ተጫዋቾች 28ቱ 80 ወይም ከዚያ በላይ መቱ። ከፓር በታች የጨረሰ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሮበርት አለንቢ ብቻ ልክ 70 መታ። ኧርኒ ኤልስ፣ በጊዜው ከዓለም ምርጦች አንዱ የነበረው፣ በመጨረሻው ጥንድ ከጉሰን ጋር ወጥቶ 80 መታ። ሚከልሰን 17ኛው ጉድጓድ ላይ ከባንከር አምስት ጫማ ያህል ድረስ አውጥቶ፣ ከዚያ ሦስት ፐት ፈጀበት፤ ዋንጫው እዚያ ሄደ። ጉሰን 71 መትቶ በድምሩ 276፣ ከሚከልሰን በሁለት ምት ቀድሞ አሸነፈ።

ጉሰን በዚያ ቀን 24 ፐት ብቻ ነው የመታው። ለ18 ጉድጓድ 24 ፐት በማንኛውም ቀን እጅግ ጥሩ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ተአምር ነው ማለት ይቻላል። ስለ ሜዳው ስንናገር ስለ እሱ ዝም ማለት ግፍ ነው። ጭንቀት በማይታይበት ፊት፣ አጭር ፐቶችን አንድ በአንድ እያስገባ ሄደ። ፈጣን ግሪን ላይ አጭር ፐት ያስገባ ሰው የግሪኑን አደጋ ከራሱ ላይ ያነሳል፤ ያልገባች ኳስ ናት የምትንከባለለው።

ውሃው

ውሃ የመርጨቱን ውሳኔ ብዙዎች እንደ ሽንፈት ቆጥረውታል። እኔ ትክክለኛ ነበር እላለሁ። የጎልፍ ውድድር መሠረቱ ሁሉም ተጫዋች በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ሜዳ ማግኘቱ ነው፤ ውሃው ይህንን እንዳፈረሰ አይካድም። ነገር ግን ጥሩ የተመታች ኳስ የምትቆምበት ቦታ ከሌለ ሜዳው ችሎታን መለካት አቁሟል። ሁለት ክፉ ነገሮች ቀርበው ነበር፤ ቀላሉ ተመረጠ።

የሚያሳዝነው ዕዳውን የከፈሉት ሰዎች ናቸው። በእሑድ ዙር ቀድመው የሚወጡት በውጤት ወደ ኋላ የቀሩት ተጫዋቾች ናቸው። ቱቦው ከመምጣቱ በፊት ያለፉት እነሱ ነበሩ፤ እያንዳንዷ ምት በገንዘብም በደረጃም ትቆጠርባቸዋለች። ቅዳሜ ማታ ችግሩ ይታወቅ ነበር። ግሪኑ እሑድ ንጋት ላይ በደንብ ጠጥቶ፣ ከጥንዶቹ በፊት አንድ ሰው ከባንዲራው 60 ሴንቲሜትር ላይ ጥቂት ኳሶች ቁልቁል መትቶ ቢያይ ኖሮ፣ ፈተናውን የሚወስዱት የመጀመሪያዎቹ አራት ተጫዋቾች ባልሆኑ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ታውቆ ነበር

ይህ ነገር ቀድሞ አይታወቅም ነበር የሚል ካለ ወደ 2001 ይመለስ። የዚያ ዓመት ዩኤስ ኦፕን የተካሄደው ኦክላሆማ ውስጥ ተልሳ ላይ፣ ሰዘርን ሂልስ ነበር። እዚያ 9ኛውና 18ኛው ግሪኖች ተዳፋታቸው ከሌሎቹ የበለጠ ስለሆነ ሣራቸው ሆን ተብሎ ረዘም ተደርጎ ተተወ፤ ከተቀሩት ቀርፋፋ ሆኑ። ማለትም ፍጥነቱ በየግሪኑ ተዳፋት ተሰፍሮ ተሰጠ። ተጫዋቾች 18ኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸው የለመደው ፍጥነት ስላልነበረ ቅሬታ ነበራቸው። የሚገርመው፣ በዚያ 18ኛ ግሪን ላይ ለማሸነፍ ሁለት ፐት የበቃው ጉሰን ሦስት መታ፤ በማግስቱ በመለያ ጨዋታ ማርክ ብሩክስን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

በአንድ ሜዳ ላይ የግሪኖች ፍጥነት መለያየቱ ጉዳት አለው፤ ተጫዋቹ እጁን ያምታታበታል። ያ ጉዳት ግን ኳስ ከማይቆምበት ግሪን ጋር አይወዳደርም። በሺኔኮክም ለ7ኛው ግሪን ብቻ ማጨጃውን ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ሮለሩን ጨርሶ መተው ይቻል ነበር። ሐሳቡ በማኅበሩ ውስጥ ነበር፤ በሜዳው ላይ አልዋለም።

ከዚያ በፊት በ1998 በሳን ፍራንሲስኮ ኦሊምፒክ ክለብ 18ኛው ግሪን ላይ የፔይን ስቱዋርት ፐት ጉድጓዱን ለጥቂት ስታ ቁልቁል ሜትሮች ተንከባልላ ስትርቅ ሁሉም አይቷል። ምልክቱ ተደጋግሞ ነበር።

2018፦ እንደገና በዚያው ሜዳ

ዩኤስ ኦፕን በ2018 ወደ ሺኔኮክ ተመለሰ። በመሐል የአዘጋጁ አመራር ተለውጧል፤ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያዎችም በእያንዳንዱ ግሪን ላይ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከተገመተው በላይ በረታና ግሪኖቹ እንደገና አመለጡ።

የዚያን ቀን ልዩ የሚያደርገው ጠዋትና ከሰዓት መለያየታቸው ነው። ዳንኤል በርገርና ቶኒ ፊናው ማለዳ ወጥተው 66 መቱ። መሪ የነበረው ደስቲን ጆንሰን ከሰዓት በኋላ ወጥቶ 77 መታ። ሪኪ ፋውለር 84። ማታ ላይ ማለዳ የወጡት ሁለቱ ከመሪዎቹ ጋር በእኩል ውጤት ተቀምጠው ተገኙ። ሚከልሰን ደግሞ 13ኛው ግሪን ላይ ጉድጓዱን አልፋ ቁልቁል እየተንከባለለች ያለችውን ኳሱን ሮጦ ደርሶ ሳትቆም መታት፤ ሁለት ምት ቅጣት ተጨምሮበት በዚያ ጉድጓድ 10 ተጻፈለት። ድርጊቱን አልደግፍም። ነገር ግን ኳሷ መቼም እንደማትቆም አስቀድሞ የተረዳ ሰው ነበር።

የዩኤስጂኤ ኃላፊ የነበረው ማይክ ዴቪስ በዚያው ማታ አንዳንድ የባንዲራ ቦታዎች ለነበረው ነፋስ ከልክ በላይ ከባድ እንደነበሩ በግልጽ ተናገረ። ሌሊቱን ግሪኖቹ ውሃ ጠጡ፣ የባንዲራ ቦታዎቹም ለዘብ ተደረጉ። እሑድ ቶሚ ፍሊትዉድ 63 መታ። ብሩክስ ኬፕካ በድምሩ ከፓር አንድ ምት በላይ ሆኖ አሸነፈ። በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ቀን ልዩነት፣ ከ84 ወደ 63 የሚያደርስ ለውጥ የመጣው ከውሃና ከባንዲራ ቦታ ነው። ይህንን ሳስብ ስለ ፍጥነት የሚደረገው ፉክክር ያናድደኛል፤ ጥሩ ግሪን ከ11 ጫማም ቢሆን ተጫዋችን አሳምሮ ይፈትናል። ለ2026ቱ ዩኤስ ኦፕን የተመረጠውም ይኸው ሜዳ ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ግሪን

ጓሮው ውስጥ ወይም ሰገነቱ ላይ የፐት መለማመጃ የሚሠራ ሰው ከዚህ ጉዳይ የሚያገኘው ነገር በጣም ተግባራዊ ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ሰው ሠራሹን ሣር ይመርጣል፤ ያውም ፈጣኑን፤ ከዚያ ልምምዱ እንዳይሰለች ብሎ ጉብታና ቁልቁለት ይጨምርበታል። ይህ በትንሹ የሺኔኮክ እሑድ ነው። አምስት ሜትር ርዝመት ባለው ግሪን ላይ ፈጣን ሣርና 4 በመቶ ተዳፋት ከተገናኙ፣ ቁልቁል የተመታች ኳስ ሁሉ ከጠርዙ ላይ ትወድቃለች፤ ሰውየውም በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚለማመደው ዳገቱን ብቻ ይሆናል።

መጀመሪያ መሬቱ ይወሰን። የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ተዳፋት ይበቃል። ይህንን በተራ ውሃ ልክ መለካት ይቻላል፦ አንድ ሜትር ርዝመት ያለውን ውሃ ልክ መሬቱ ላይ አስቀምጦ፣ አረፋው መሐል እስኪገባ አንዱን ጫፍ ማንሳት ነው። ከሥሩ የተፈጠረው ክፍተት 2 ሴንቲሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 2 በመቶ ነው። ጉድጓዱ የሚቆረጥበት ቦታ፣ ዲያሜትሩ እንደ ደንቡ 108 ሚሊሜትር ነው፣ በዙሪያው ሁሉ አንድ ሜትር ያህል ከዚህ በላይ እንዳያዘቀዝቅ መጠንቀቅ ይገባል። የተለየ ኩርባ መለማመድ የሚፈልግ ሰው ጉብታውን ከጉድጓዱ ርቆ፣ ኳሷ ገና ፍጥነት ባላት ቦታ ላይ ያድርገው። ጉድጓዱ አጠገብ፣ ኳሷ ልትቆም ስትል፣ መሬቱ ጸጥ ያለ ይሁን።

ፍጥነቱን ለመለካት ቦይ የተቆረጠለት የእንጨት ዘንግ ይበቃል፤ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ከፍታ ኳሷ ትለቀቅ እንጂ ከኦፊሴላዊው ጋር መመሳሰሉ ግድ አይደለም። ተዳፋት ላይ ሲለካ ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት አለ። ቁልቁል የሄደችውንና ዳገት የወጣችውን ደምረው ለሁለት ያካፍላሉ። ቀደም ሲል በተጠቀሰው 4 በመቶ ተዳፋት ላይ፣ 10 ጫማ በሆነ ግሪን፣ ኳሷ ቁልቁል 6.2 ሜትር፣ ዳገት 2 ሜትር ትሄዳለች። ደምሮ ማካፈል 4.1 ሜትር ይሰጣል፤ እውነተኛው ግን 3 ሜትር ነው። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱን ርቀቶች አባዝቶ፣ በሁለት አብዝቶ፣ ከዚያ ለሁለቱ ድምር ማካፈል ነው። ተዳፋቱ የፈጠረው ብዥታ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

ተፈጥሯዊ ሣር ለሚመኝ ሰው አንድ ቃል፦ እስከ ጥቂት ሚሊሜትር የሚላጭ ሣር በየቀኑ ማለት ይቻላል ማጨጃ፣ በልክ የሚሰጥ ውሃ፣ አሸዋ የበዛበት አፈርና የማያቋርጥ ዓይን ይፈልጋል። ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ግን ሥራ ነው።

ሰው ሠራሹን ሣር በተመለከተ፣ ቀርፋፋ ሆኖ ቢጀመር ይሻላል። አሸዋ የሚነሰነስባቸው ዓይነቶች ላይ፣ አሸዋውን ቀስ በቀስ እየጨመሩ፣ እየጠቀጠቁ በሄዱ ቁጥር ኳሷ እየፈጠነች ትሄዳለች፤ በጣም ከፈጠነች ቃጫውን በጠንካራ ብሩሽ መልሶ ማቆም ትንሽ ያዘገያታል። ከሥሩ ያለው የተጠቀጠቀ ጠጠር ግን ሣሩ ከተዘረጋ በኋላ የሚነካው የለም። ስለዚህ ጠጠሩ ተጠቅጥቆ ሣሩ ከመዘርጋቱ በፊት፣ ውሃ ልኩን ይዞ በየግማሽ ሜትሩ መዞርና የሚበዛውን ቦታ ማስተካከል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢፈጅም የሚገባው ሥራ ነው።